ሰባት ቤት የተቆጠረለት ጆሮ

የአቶ ድንቁ ዐይን፣ ጆሮና ምላስ ሰው ሠራሽ ነው። ሦስቱም ደረታቸው ውስጥ በተቀበረች ማሽን ላይ ያለች አንዲት ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ የፕሮግራም ቋት፣ ተጋርተው ይሠራሉ። ጆሯቸው እየከበደ ስለሄደ ልጃቸው ውድነሽ አዲስ የጆሮ ሶፍትዌር አመጣችላቸው። በሰፈሩ ይህንኑ ያስጫነ ሁሉ ግን ዐይኑ ጨልሞበታል፤ አዲሱ ሲገባ የጋራዋን ላይብረሪ በራሱ ስሪት ይተካታልና።

ውድነሽ አልቸኮለችም። "ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አለ?" ብላ፣ ሶፍትዌሩ የሚፈልጋትን ላይብረሪ፣ ያቺም የምትፈልጋትን፣ እንደ ሽማግሌ ወደ ኋላ ቆጠረች። አምስተኛው ቤት ላይ ጠቡን አገኘችው፤ ጆሮው አዲሷን ስሪት ይፈልጋል፣ ዐይኑ ከአሮጌዋ ሌላ አያውቅም።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ "አባባ፣ ሁለቱንም ስሪቶች ጎን ለጎን ላኖራቸው እችላለሁ። ግን ማሽኗ ላይ ቦታ የለም፤ የምላስዎን የጣዕም ሶፍትዌር ላንሳ?" አለች ጮክ ብላ።

"አንሺው። ጨውን ዕድሜ ልኬን ቀምሼዋለሁ፤ የአንቺን ድምፅ ግን ጠግቤ አላውቅም።"

ጫነችው። አቶ ድንቁ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰሙ፣ ልጃቸው በደስታ ስታለቅስ እያዩ፣ እንደ ድል አድራጊ ከት ብለው ሳቁ።

እራት ላይ ጎርሰው፣ "ዛሬስ ወጡ ጣፍጦልሻል" አሉ።

ውድነሽ ጨው መጨመር ረስታ ነበር። "ይስማማዎ" ብላ አንሾካሾከች።

ሰሟት።