ኩርፊያና ነብር

ሴትዮዋ ነብሩን ስታየው ባሏን ካኮረፈችው ሦስት ሰዓት ሆኗት ነበር። ቁርስ ላይ፣ የፓርኩ ሎጅ እንግዳ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ሌሊት ሲያገሳ ያደረው አንበሳ አይደለም፤ ሚስቴ ናት" ብሎ አስቆባት ነበር። ነብሩ አራዊት ሊያዩ የወጡባት ክፍት መኪና ከሥሩ በቆመችበት ዛፍ ላይ፣ ልክ ከራሳቸው በላይ፣ አራት እግሩን አንጠልጥሎ ተኝቷል። ሾፌሩ ሌሎቹን መኪኖች በሬዲዮ "ነብር ያየ አለ?" እያለ ይጠይቃል። ዕድሜውን ሙሉ ነብር ሲመኝ የኖረው ባሏ ደግሞ የሩቅ ማያ ባይኖኩላሩን አንድ ኩይሳ ላይ ደቅኖ ንቅንቅ አይልም።

ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ይቅርታ ሳይጠይቃት? በኋላ ግን አንጀቷ አልቻለም፤ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብላ፣ "የኔ ልጅ፣ ያንን ሰውዬ ቀና በል በልልኝ" አለችው በሹክሹክታ።

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየና ሬዲዮውን ቀስ ብሎ ዘጋው። "ጋሼ፣ ቀና ይበሉ ተብለዋል።"

"ካየሁት ቆየሁ በላት" አለ ባል፣ ዓይኑን ከኩይሳው ሳይነቅል።

"ታዲያ ምን አፍህን ዘጋው?" አለች ሴትዮዋ። ራሷ ማናገሯን ያወቀችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነበር።

ባል ባይኖኩላሩን አወረደ። "ሁልጊዜ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ እያልኩ አስመርሬሻለሁ። ዛሬ እንኳ አንቺ ቅደሚ ብዬ ነው።"

"ይቅርታ መጠየቅህ ነው?"

"መሰለኝ።"

አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ላይ አቀናችለት። ነብሩ ነቅቶ ቁልቁል ያያቸዋል።

"እንግዲህ ከታረቃችሁ" አለ ሾፌሩ ቁልፉን ቀስ ብሎ እያዞረ፣ "እሱ ሳይወርድ እንሂድ።"