ወጥ መኖሪያ ቤት

«አማካሪው ከሦስተኛው ገጽ አያልፍም አሉ» ይላል ወንድሜ። ከገባ ጀምሮ ይህን ሲል ይሄ አራተኛው ነው።

«እነማን ናቸው ያሉት?»

«ተማሪው ሁሉ ነዋ! ሦስት ገጽ ያነብና ይፈርማል። በይ አትሚልኝ።»

አላትምም። ማተሚያው የኔ ነው፤ ኮምፒውተሩም፣ በሩ ላይ የተለጠፈው «የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ» የሚለውም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጥናት ስተይብ ኖሬ፣ መግቢያና መደምደሚያው የተጣሉበት ጽሑፍ ከሩቅ ይሸተኛል። ወንድሜ ቀን ቀን ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፤ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ ይማራል። ስለ ውሃ ብክነት የሠራውን የመመረቂያ ጥናት ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስገባ ምርቃቱ ለከርሞ ነው። አሁን ሰባት ከሩብ ሆኗል።

አራተኛው ገጽ ላይ እቆማለሁ።

«ጋሼ፣ ‹ወጥ መኖሪያ ቤት› ምንድን ነው?»

«የት አባቱ አለ?»

«ይኸው። ‹የወጥ መኖሪያ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል› ይላል። ወጡ ጎጆ ወጣ እንዴ?»

ጎንበስ ብሎ ያያል። ነገሩ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ይወጣል። አማካሪው ባለፈው ሳምንት «ቤት ስትል መኖሪያ ቤት መሆኑ ይገለጽ» ብሎታል። እሱ ደግሞ አንድ በአንድ መልቀሙ ሰልችቶት፣ ትናንት ማምሻውን «ቤት» የሚለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ «መኖሪያ ቤት» ቀይሮታል። ከዚያ አስቀምጦ ዘግቶታልና ወደኋላ መመለስ የለም። ትምህርት መኖሪያ ቤት አለ። መሥሪያ መኖሪያ ቤት አለ። መጀመሪያውኑ መኖሪያ ቤት የነበረውማ «መኖሪያ መኖሪያ ቤት» ሆኖ ቁጭ ብሏል። «ቤተሰብ» ብቻ በአንድ ፊደል ተርፏል።

ሽንት ቤቱ ጋ ስደርስ አልቻልኩም። «ሽንት እንኳ መኖሪያ ቤት አግኝቶ እኛ በኪራይ እንንከራተት!»

ሊቆጣ አፉን ይከፍትና ሳቁ ይቀድመዋል። ዓይኑን እየጠረገ «ግን እኮ ከሦስተኛው ገጽ አያልፍም…» ይላል።

«ቢያልፍስ? አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ቢያልፍስ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመህ ‹ሽንት መኖሪያ ቤት› ምን እንደሆነ ልታብራራ ነው?»

«አንቺ ምላጭ።» ወንበር ይስባል። «በይ ጀምሪ።»

መቶ አርባ ሁለት ቦታ ነው። እሱ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ እፈርዳለሁ፤ ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይመለስ። ደንበኛ ብቅ ሲል ሁለታችንም እኩል «ዝግ ነው!» እንላለን። እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ከተቀመጥን ስንት ዘመናችን!

ገጽ አሥራ ስድስት ላይ ድምፁ ይቆማል።

«ምነው?»

«ትምህርት ቤት… ትምህርት ቤት… እዚህም ትምህርት ቤት።» ጣቱን ሠንጠረዡ ላይ ያስኬዳል። «ካየኋቸው የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች ከግማሽ በላዩ ያለው እኮ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ነው።»

«መደምደሚያህ ምን ይላል?»

«‹ለብክነቱ ዋናው ተጠያቂ የመኖሪያ ቤት ነዋሪው ነው›» ብሎ ያነባል፤ ድምፁ እየሟሸሸ።

«የሰው ቆጣሪ ሁሉ ታነባለህ፣ የራስህን ጽሑፍ ግን አታነብም!»

ስምንት ሰዓት ከሃያ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ቃል እንድቀይር ይጠይቀኛል፤ አንዱን እቀይራለሁ፣ አንዱን እምቢ እላለሁ። ነዋሪው ከተጠያቂነት ይወጣና የትምህርት ቤቶች ያረጀ ቧንቧ በቦታው ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ መልሶ ሲነበብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወንድሜም አብሮት ቀና ይላል።

ማተሚያው ሃያ አራት ገጽ ይተፋል። ትኩሱን ወረቀት ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ግንባሬን ይስማል፣ ይሮጣል።

ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ይጮኻል።

«ተቀበሉኝ! ማኅተም መቱበት!»

«እና ላይመቱበት ኖሯል?» እላለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ብቻዬን እስቃለሁ።

ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶት ሄዷል። ልነቅለው ስል፣ ከሠራንበት «የመጨረሻ የመጨረሻ» ከሚለው ፋይል በታች «የመጨረሻ» የሚል ሌላ አያለሁ። እከፍተዋለሁ። የትናንት ጠዋት ቅጂ ነው፤ ወጥ ቤቱ ወጥ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ትምህርት ቤት፣ አንድም ቦታ አልተነካም። መጨረሻው ገጽ ላይ ምስኪኑ ነዋሪ አሁንም ተጠያቂ ነው።