አምስት ሊትር ስብ

ስቡ ወጣ፤ ስኳሯ ግን ፈቀቅ አላለም። ከሆዷና ከጭኗ አምስት ሊትር ተመጥጦ ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል። መመርመሪያው ግን ዛሬም ሁለት መቶ አሥር ይላል።

«ያወጣነው ከቆዳሽ ሥር ያለውን ነው» አላት ሐኪሙ። «ጉበትሽ ላይ ያለው አልተነካም። ኪኒኑን ትወስጃለሽ አይደል?»

ኪኒኑን የጣለችው ቀዶ ጥገናው በተደረገላት ሳምንት ነው። ስኳር እናቷን ሲገድልባት ሁለት ዓመቷ ነበር፤ መልኳን አታስታውስም። እናቴን የጨረሳት ውፍረት ነው ብላ አምና አድጋለች።

ቤት ስትደርስ ታላቅ እህቷ በላይነሽ ከሣጥን አንድ ቀሚስ አውጥታ ጠበቀቻት። «የእማዬ ልብስ ሁሉ ለተዝካሯ ሲመጸወት ይህን ብቻ ደብቄ አስቀረሁ። እስቲ ልበሺው።»

ቀሚሱ ወገቧ ላይ ልክክ አለ።

«ወይ ጉድ! ቁርጥ እማዬን መሰልሽ!» አለች በላይነሽ እያለቀሰች። «እሷም ከመታመሟ በፊት ጀምሮ እንዲህ ሸንበቆ ነበረች።»

መስታወቱ ውስጥ የቆመችውን ሴት አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?»

«መድኃኒት ቤት።»

ቀሚሱን ሳታወልቅ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።