የወይዘሮ አስካለ ጉልበት

ከመኝታ ቤት «እህህህ!» የሚል ማቃሰት ተሰማ፤ ላልለመደው ሰው ላም ልትወልድ ነው የሚያሰኝ። የሚያቃስቱት ግን የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ነበሩ።

ሕመምን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው መቀነት ከመጣ ወዲህ፣ እድሩ ቀብር ብቻ ሳይሆን ሕመምም በተራ ይሸከማል። መቀነቱ ሕመም አያጠፋም፤ አንዱ እንዲያርፍ ሌላው መታመም አለበት። አቶ ሽብሩም ስብሰባ ላይ ቆመው «የባለቤቴ ቁርጥማት ምን አላት! የመጀመሪያውን ቀን እኔው!» ብለው አስጨበጨቡ። ዛሬ ጠዋት የወይዘሮ አስካለን ጉልበት ተረከቡ፤ እስከ ማታ ነው።

«አስካል! ኧረ ሌላ ትራስ!»

«ያለን ትራስ ሁሉ እኮ አንተ ሥር ነው።»

«ይሄ ጉልበት ነው ወይስ ወፍጮ? እንዴት ተሸክመሽው ወጥ ትሠሪያለሽ?»

«‹ተነሺ፣ ሲቀመጡበት ይብሳል› ትለኝ አልነበር? እንደሱ ነዋ።»

አቶ ሽብሩ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ሆዴ፣ የሕመሙ ባለቤት ከፈቀደ አሁንም መመለስ ይቻላል። እጅሽን መቀነቱ ላይ ጣል ብታደርጊ...»

ወይዘሮ አስካለ ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። ባል ሲያቃስት መስማት ለካ የራሱ ቁርጥማት አለው። እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ፣ አልጋው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ታያቸው። ውስጡ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ያልተጫሙት ባለተረከዝ ጫማ ነበር። ሊያወጡት ተንበረከኩ። ሳይጮኹ ተንበርክከው፣ ሳይጮኹ ተነሡ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ሽብሩ።

በሩ ተዘጋ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው ተረከዝ ዳገቱን ይዞ ሄደ።