የወጣ እጅ

እንደራሴው የላይኛው ምክር ቤት አባል ከሆነ ጀምሮ ሦስት ዓመት አፉን ለጉሞ ኖሯል። ዛሬ ግን የትውልድ መንደሩ የውሃ ምንጭ ለጎረቤት ወረዳ ይሰጥ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ስለቀረበ ሊሟገት ቆርጧል፤ አገሬው ሁሉ በቴሌቪዥን እየጠበቀው ነው። ውይይቱ እንደተከፈተ ዕድል እንዲሰጠው እጁን አወጣ። ሌላው ሁሉ ተናገረ፤ እሱን ያየው የለም። ክንዱ ቢዝልም በግራ እጁ ደግፎ ያዘው እንጂ አላወረደውም።

«ሰዓታችን አልቋል» አሉ አፈ ጉባኤው፤ «ወደ ድምፅ እንሂድ። የምትደግፉ?»

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ ገና አልተናገርኩም!» ብሎ ጮኸ፤ ማይክሮፎኑ ዝግ ነበር። አዳራሹን እጅ ሞላው።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ከአዳራሹ ሳይወጣ አባቱ ደወሉ።

«አየንህ» አሉት፤ «ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ያንተ እጅ ነው።»