ሪፖርት ላይ ያልሰፈረው

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አንጋፋ ኢንጂነር ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሥራ አስኪያጇ ትርሲት እንዲያስተምርላት ዓመቱን ሙሉ ስትለምነው ከርማለች። "ጋሼ፣ እውቀቱን ይዘውብን አይሂዱ" ትለዋለች። ወጣት መሐንዲሶችን ሰበሰበችለት፤ የምስጋና ሰርተፊኬት አዘጋጀችለት። እሱ ግን ሰበብ አያጣም።

አንድ ጠዋት ደብተር ይዛ ብቻዋን ቢሮው መጣች።

"ዛሬ የሠሩትን ሳይሆን የተሳሳቱትን ይንገሩኝ። ሰው የሚማረው ከዚያ ነው።"

ኢንጂነሩ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ከሃያ ዓመት በፊት ቦይለሩ ፈንድቶ አራት ሰው ሞቷል። ኦፕሬተሩ ደምሰው በቸልተኝነት አፈነዳው ብዬ ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱም አብሮ ስለሞተ የተከራከረኝ አልነበረም። እንፋሎቱን የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ ዝጋ ብዬ ያዘዝኩት ግን እኔ ነበርኩ። ግፊቱ እየጨመረ ነው ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።"

ትርሲት ሁሉንም ጻፈች። ውሃ ቀዳችለት።

"ደምሰው አባቴ ነው" አለችው። "ለቅሶ የደረሰን ሰው አልነበረም። እናቴም በስሙ አፍራ በአያቴ ስም አስጠራችኝ።"

ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጠች።

"ግፊቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚከፈተው የትኛው ቫልቭ ነው?"