ሦስተኛ ክፍል

ክረምቱ ክፉ ነበር። በመግቢያው አናጺው ሚስቱን ቀበረ። በእኩሌታው ጉልበቱ ከዳው። በመውጫው የሙጫ ጣሳ እሳት ላይ ረስቶ ወጣ፤ የሥራ ቤቱ ግድግዳ ተለበለበ። ልጁ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአክስቱ ሰጣት። «አእምሮው ይመርመር። ደህና ነው ካሉ ስጪው፤ ካላሉ መሣሪያውን እንሸጣለን» አላት።

አሁን የሰባ አራት ዓመቱ አናጺ ሐኪም ቤት ከመርማሪዋ ፊት ተቀምጧል። ቁልፉ የተሰጣት ታናሽ እህቱ፣ ጡረታ የወጣችው ርዕሰ መምህርት፣ አንድ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከጎኑ አለች።

«አባባ፣ ይህን የሣጥን ሥዕል አይተው ይሳሉልኝ።»

እርሳሱን በምራቁ አርሶ ስድስት ጣውላ ነጣጥሎ ሠራ፤ ታች፣ ክዳን፣ አራት ጎን። መጋዝ የሚበላውን ትርፍ እንኳ አልረሳም።

«ይሄማ ሣጥን አይመስልም» አለች መርማሪዋ።

«የኔ ልጅ፣ ባንቺ ሥዕል እንጨት ብቆርጥ ክዳኑ አይገጥምም። በዚህ ቁረጪ፣ ይገጥማል።»

ዜሮ ጻፈች።

ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይውረዱ ተባለ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። በ«መ» ቤት የሚጀምሩ ቃላት ተባለ። «መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ሚስማር፣ ሞረድ፣ ሙጫ...» ሙጫ ላይ ሲደርስ «በቃኝ» አለ።

መርማሪዋ ደመረች። «ከሠላሳ ሃያ አንድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰ ሰው ዝቅ ያለ ነው።»

«ማነው አሥራ ሁለተኛ የጨረሰው?»

ፎርሙን የሞላችው እህቱ ነበረች። አቀረቀረች። «ወንድምጋሼ፣ እንዳይንቁህ ብዬ ነው።»

«እነሱማ ገና አላወቁኝም! የናቅሽኝ አንቺ ነሽ።» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ወደ መርማሪዋም ዞረ። «ለመሆኑ ይሄ ወረቀት እኔን ነው የሚመረምረው ወይስ ትምህርት ቤቴን?»

መርማሪዋ መልስ ፍለጋ ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር። እህቱ ግን ተነሣች። ለባልደረቦቿም ሆነ ለልጆቿ ነግራው የማታውቀውን ቆማ ተናገረች።

«ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣው። አባታችን ሲሞቱ ቤቱ ማስተማር የሚችለው አንድ ልጅ ነበር። ደብተሩን ለኔ ሰጥቶ መጋዝ ያዘ። የቀረው ዘጠኝ ዓመት ትምህርት እኔ ዘንድ ነው ያለው።»

ፎርሙን ስባ አሥራ ሁለቱን ሰረዘች፤ በዚያ ባማረ የመምህር እጇ ሦስት ብላ ጻፈች።

መርማሪዋ በዕድሜና በትምህርት የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ በጣቷ ተከትላ ወረደች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ይቅርታ አባባ። ለርስዎ ዕድሜና ለሦስተኛ ክፍል ሃያ አንድ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። እሳት አጠገብ ግን ሰው አይለይዎት።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ አናጺው። ሣጥኑ የተሣለበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እህቱ እጇን ከቦርሳዋ አውጥታ እጁን ያዘች። መዳፉ ላይ ያረፈው ቁልፍ እንደ ብረት አልቀዘቀዘውም፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ጨብጣው ኖሯል።